ጆ ለምን ተዳረች? ስለ «ሊትል ዊመን» ሁለት ፍጻሜዎች

ጥያቄው ይህ ነው፦ «‹ሊትል ዊመን›ን ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ገዝቼ ጨረስኩት። የእኔው ሜግ ስትታጭ ያልቃል፣ ቤዝም በሕይወት አለች። እህቴ በስልኳ አውርዳ ያነበበችው ላይ ግን ቤዝ ትሞታለች፣ ሎሪ ኤሚን ያገባል፣ ጆ ደግሞ በዕድሜ የሚበልጣት አንድ ድሃ ጀርመናዊ ፕሮፌሰር ታገባለች። የቱ ነው ትክክለኛው? ደራሲዋስ እንደ ጆ ያለች ልጅ ፈጥራ መጨረሻ ላይ ለምን ትድራታለች? እህቴ ሴትን ለትዳር የሚያሠለጥን መጽሐፍ ነው ትላለች። ለ13 ዓመት ልጄ ልስጣት ወይስ ይቅርባት?»

ሁለቱም ትክክል ናቸው። የአንቺው ግን ግማሽ ነው።

ልብ ወለዱ የአራት እህቶች፣ የሜግ፣ የጆ፣ የቤዝና የኤሚ ማርች ታሪክ ነው፤ ሎሪ ሀብታም ጎረቤታቸው ነው። አሜሪካዊቷ ደራሲ ሉዊዛ ሜይ አልኮት ታሪኩን በአንድ ጊዜ አልጻፈችውም። የመጀመሪያው ክፍል ቦስተን ውስጥ በ1868 መጸው ላይ ታተመ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። 23 ምዕራፎች አሉት፤ የሚያልቀውም ልክ እንዳልሽው ሜግ ለጆን ብሩክ እሺ ስትል ነው። ሁለተኛው ክፍል በኤፕሪል 1869 ወጣ። ከምዕራፍ 24 እስከ 47 ያለው ማለት ነው። የቤዝ ሞት፣ የሎሪ የጋብቻ ጥያቄ፣ ፕሮፌሰር ቤር፣ ሁሉም ያሉት እዚያ ውስጥ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሁለቱ ክፍሎች በኋላ አንድ ላይ ተጠርዘው አንድ መጽሐፍ ሆኑ። እንግሊዝ ግን ሁለተኛው ክፍል «ጉድ ዋይቭስ» ተብሎ ለብቻው ሲሸጥ ኖሯል። እዚያ የታተሙ ብዙ ቅጂዎች ዛሬም «ሊትል ዊመን» ብለው የሚሸጡት የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ ሻጩ አላታለለሽም፣ ገጽም አልተገነጠለም።

የቅጂሽን የመጨረሻ ገጽ መለስ ብለሽ እዪው። ደራሲዋ ቤተሰቡን በሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስባ እንደ ቲያትር መጋረጃውን ትዘጋለች። ከዚያ መጋረጃው እንደገና መከፈት አለመከፈቱ አንባቢ ለመጀመሪያው ክፍል በሚሰጠው አቀባበል ይወሰናል ትላለች። ብዙ ሰው ይህን እንደ ማሳመሪያ ያልፈዋል። እኔ ግን ቃል በቃል እንድትወስጂው እፈልጋለሁ። ከተሸጠ እቀጥላለሁ እያለች ነው።

ይህን ካልያዝን የጆ ትዳር አይገባንም። ነገሩ የተጀመረው የሮበርትስ ብራዘርስ ማተሚያ ሰው የሆነው ቶማስ ናይልስ ለልጃገረዶች የሚሆን መጽሐፍ እንድትጽፍለት ሲጠይቃት ነው። እሷ ፍላጎቱ አልነበራትም። ከእህቶቿ በቀር ሴት ልጆችን ብዙም እንደማታውቅና እንዲህ ያለ ሥራ እንደማያስደስታት ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ጽፋለች። ግን ቤተሰቡ ለዓመታት በዕዳ የኖረ ነው። አባቷ ብሮንሰን ፈላስፋና አስተማሪ ነበር፣ በቦታው የተከበረ፣ እነ ኤመርሰንና ሶሮውን የመሰሉ ታዋቂ ጸሐፊዎች ጎረቤቶቹና ወዳጆቹ የሆኑ ሰው፤ ገንዘብ ወደ ቤት ማምጣት ግን አልሆነለትም። ሉዊዛ ልጅ እያለች በ1843 ፍሩትላንድስ የሚባል የጋራ እርሻ አቋቁሞ ቤተሰቡን ይዞ ገባ። ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ የጥጥ ልብስ እንኳን የባሪያ ጉልበት ያለበት ነው ተብሎ የተከለከለበት ቦታ ነው። ሰባት ወር ገደማ ቆይቶ ክረምቱ ሲገባ ፈረሰ። በዚህ ሁሉ መሀል ቤቱን የያዙት እናቷ አቢጌልና ልጆቿ ናቸው። ሉዊዛ የናይልስን ጥያቄ የተቀበለችው ይህን ሁሉ ተሸክማ ነው። በሜይ ጀምራ በጁላይ ጨረሰች። የመጀመሪያዎቹን 12 ምዕራፎች ስትልክለት ናይልስ ደረቅ ነው አላት፣ እሷም ተስማማች። መጽሐፉ ሲወጣ ግን የመጀመሪያው 2000 ቅጂ ወዲያው አለቀ።

ከዚያ ደብዳቤ ጎረፈ። አብዛኛው ከልጃገረዶች ነው፣ ጥያቄውም አንድ ነው፤ ማን ማንን ያገባል? ኖቬምበር 1868 ላይ ሁለተኛውን ክፍል ስትጀምር ማስታወሻዋ ላይ የጻፈችው ቁጣ ያለበት ነው። ማግባት የሴት ሕይወት ብቸኛ ግብ ይመስል የሚጠይቁኝ እሱን ብቻ ነው ትላለች፤ ማንንም ለማስደሰት ብዬ ጆ ሎሪን እንድታገባ አላደርግም ብላ ትዘጋዋለች። ጃንዋሪ 1869 ላይ ደግሞ ለአጎቷ ስትጽፍ አሳታሚዎች ደራሲን በራሱ መንገድ እንዲሄድ እንደማይፈቅዱ፣ ስለዚህ ልጆቿ አድገው መዳር እንዳለባቸው ታማርራለች። ሌላ ደብዳቤ ላይ ነገሩን የበለጠ ታፍረጠርጠዋለች። ጆ ቆሞ ቀር ደራሲ ሆና መቅረት ነበረባት፣ ግን አንባቢዎች ሎሪን ወይም ሌላ ሰው ታግባ እያሉ ስለጮኹብኝ እምቢ ለማለት አልደፈርኩም፣ በእልህ አንድ ያልተጠበቀ ባል ፈለግኩላት ነው የምትለው።

እንግዲህ ለዋናው ጥያቄሽ መልሱ ይህ ነው። ጆ እንድትዳር ያደረገው ገበያው ነው። ለማን እንደምትዳር የወሰነችው ግን ደራሲዋ ናት። አንባቢ ሎሪን ጠየቀ፤ እሷ ቤርን ሰጠች። የቀራት ነፃነት ያ ብቻ ነበር፣ ተጠቀመችበት።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አረዳድ ላርም። «ሎሪን እምቢ ያለችው በልጅነት ነው፣ በኋላ ቆጭቷታል» የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ፊልሞቹም ይህን ስሜት ያጎሉታል። ምዕራፍ 35ን ግን ቀስ ብለሽ አንብቢ። ጆ ምክንያቷን ትዘረዝራለች። ሁለታችንም ግልፍተኞች ነን፣ ሁለታችንም የራሳችን ካልሆነ የማንል ነን፣ ብንጋባ እንጣላለን ትለዋለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ዋናውን ነገር ታወጣዋለች። አንተ የሀብታሞች ስብሰባ ያስደስትሃል እኔ አልወደውም፤ የእኔን መሞነጫጨር ትጠላዋለህ፣ እኔ ደግሞ ያለሱ መኖር አልችልም። ይህቺ ልጅ የምታወራው ስለ ሥራዋ ነው። ሎሪ ክፉ ሰው አይደለም፣ ይወዳታል፣ ቤቱ ግን የአንድ ሀብታም ነጋዴ ወራሽ ቤት ነው፤ የዚያ ቤት እመቤት እንግዳ ትቀበላለች፣ ታስተናግዳለች፣ ትጠየቃለች ትጠይቃለች። መጻፊያ ሰዓት የላትም። ጆ ይህን አይታለች። በኋላ ብቸኝነት ሲበረታባት ሎሪ አሁን ቢጠይቀኝ እሺ እል ይሆናል የምትልበት ጊዜ አለ፣ ግን በፍቅር እንዳልሆነ እናቷም እሷም ያውቁታል፤ ቤዝን ያጣች ሰው ናት።

ፕሮፌሰር ቤርስ? እሱ ላይ ከእህትሽ ጋር በከፊል እስማማለሁ። ጥሩነቱ በቅርብ ይታያል። ኒው ዮርክ በሚኖሩበት የኪራይ ቤት ውስጥ የተቀደደ ካልሲውን ራሱ ሲጠግን ጆ ታየዋለች፣ የቤቱን ሕፃናት ጀርባው ላይ አዝሎ ይጫወታል፣ ለአዲስ ዓመት ሼክስፒር ይሰጣታል። እንደ ሙሉ ሰው ያወራታል። ግን ያ ሰው ራሱ ጆ ለጋዜጣ የምትጽፈውን የወንጀልና የደም ታሪክ እያዋረደ ሲናገር ትሰማለች፤ ወደ ክፍሏ ገብታ የጻፈችውን አንድ በአንድ ታነብና በኀፍረት ሁሉንም ምድጃ ውስጥ ትጨምረዋለች። ለአንድ ታሪክ ከ25 እስከ 30 ዶላር ይከፍሏት ነበር። በዚያ ገንዘብ ነው ቤተሰቧን የምትደግፈው። ይህን ትዕይንት ሳነብ ሁልጊዜ እናደዳለሁ፤ መናደድም ያለብን ይመስለኛል። ምክንያቱም አልኮት ራሷ እነዚያን ታሪኮች ስትጽፍ ኖራለች፣ ኤ. ኤም. ባርናርድ በሚል የብዕር ስም። አላቃጠለቻቸውም፣ ሸጠቻቸው። ስሙ የእሷ መሆኑ በሰፊው የታወቀው በ20ኛው ክፍለ ዘመን፣ ሁለት የጥንት መጽሐፍ ነጋዴ የሆኑ ሴቶች ደብዳቤዎቿን መርምረው ሲደርሱበት ነው። ስለዚህ ምድጃው ላይ የሚነደውን ወረቀት ስታነቢ የምታስተምርሽ ደራሲ ራሷ ያልኖረችበትን ትምህርት እየሰጠች መሆኗን አስቢ። ልጆች እንዲያነቡት የታዘዘ መጽሐፍ ነው፤ እንዲህ ያለ ምዕራፍ ይጠበቅባታል።

አሁን እህትሽ ወዳለችው ልምጣ፤ ለትዳር የሚያሠለጥን ነው ወይ? አይደለም። ይልቅ ሴት ልጅ በ1860ዎቹ ማሳቹሴትስ ውስጥ በምን ትኖራለች የሚለውን በዶላርና በሳንቲም የሚቆጥር መጽሐፍ ነው። ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጀምሮ ወሬው ገንዘብ ነው፤ ጆ ወለል ላይ ተጋድማ ያለ ስጦታ ገና ገና አይደለም ትላለች፣ ሜግ ቀሚሷን እያየች ድህነት ምንኛ ከባድ ነው ትላለች። ሜግ 16 ዓመቷ ነው፣ የሀብታም ልጆች ታስተምራለች። ጆ 15 ዓመቷ ነው፣ አክስት ማርች ቤት እየሄደች መጽሐፍ ታነብላታለች፣ ክሯን ትጠቀልልላታለች፣ ጭቅጭቋን ትችላለች። አባት ጦር ሜዳ ነው፣ በአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ቄስ ሆኖ ዘምቷል። እናታቸው ወደ ታመመው አባት ዋሽንግተን መሄድ ሲኖርባት ጆ ፀጉሯን ሸጣ 25 ዶላር ታመጣለች። ወደ ቤት ስትመጣ ፀጉሯ ልክ እንደ ወንድ ተቆርጧል፣ ደፍራ ትስቃለች፣ ሌሊት ግን ሜግ ስታለቅስ ታገኛታለች። ያዘነችው ለአባቷ እንዳይመስልሽ። ለፀጉሯ ነው፣ እሱንም ትናገራለች። ይህን ክፍል ሳስተምር ተማሪዎቼ ዝም የሚሉት እዚህ ጋ ነው። አልኮት መሥዋዕትነትን ታከብራለች፣ ዋጋውን ግን አትደብቅም። እሷም የራሷን ረጅም ፀጉር አጥታለች። ጃንዋሪ 1863 ዋሽንግተን ጆርጅታውን ውስጥ የቆሰሉ ወታደሮችን ስታስታምም ታይፎይድ ያዛትና በሕመሙ ጊዜ ፀጉሯ ተቆረጠ። የታከመችውም ሜርኩሪ ባለበት መድኃኒት ነው፤ ከዚያ በኋላ ጤናዋ እንደ ድሮው አልተመለሰም።

አማራጮቹ ምን ነበሩ? ማስተማር፣ ልብስ መስፋት፣ ሰው ቤት ተቀጥሮ መሥራት፣ መጻፍ፣ ማግባት። በቃ። አልኮት አራቱን ሞክራቸዋለች። በ1851 ዴድሃም በምትባል ከተማ አንድ ቤት ሠራተኛ ሆና ገባች፤ ሰባት ሳምንት ገደማ በረዶ ስትጠርግና እንጨት ስትፈልጥ ቆይታ ስትወጣ የተሰጣት አራት ዶላር ነው። ጽሑፏን ለአንድ ትልቅ የቦስተን አሳታሚ ስትወስድ ደግሞ ማስተማርሽን ያዢ፣ መጻፍ አትችዪም አላት። ኮሌጅ? ሎሪ ይማራል፣ ጆ በሱ ትቀናለች፣ ሃርቫርድ ግን ሴት አይቀበልም። ለሴት በራቸውን የከፈቱ ጥቂት ኮሌጆች ነበሩ፤ እንደ ማርች ላለ ቤት የሚቻሉ አልነበሩም። ንብረት? በድሮው ሕግ ሴት ስታገባ ያላት ሁሉ የባሏ ይሆን ነበር። ማሳቹሴትስ በ1855 ባወጣው ሕግ ነው ያገባች ሴት የራሷን ንብረትና የሠራችበትን ገንዘብ መያዝ የቻለችው። መጽሐፉ ሲታተም ሕጉ ገና 13 ዓመቱ ነበር። ለዚህ ነው የሜግ የሐር ጨርቅ ታሪክ ከሚመስለው በላይ ክብደት ያለው። ሜግ አግብታ ደሃ ቤት ገብታለች፣ ከሀብታም ጓደኛዋ ጋር ገበያ ወጥታ በ50 ዶላር ሐር ትገዛለች። ባሏ ጆን አይቆጣም። ዝም ብሎ ለክረምት ያዘዘውን ካፖርት ይሰርዛል። ሜግ ስትሰማ ጨርቁን ለጓደኛዋ ሸጣ ካፖርቱን ትገዛለታለች። የሁለቱን ወረት ፍቅር ትተሽ የቤቱን ሒሳብ ተከተዪ፤ ገቢው አንድ ነው፣ የእሱ ነው፣ እሷ የምትጠየቀው ስለ ወጪው ነው።

ኤሚን ሰው ሁሉ ይጠላታል። የጆን የእጅ ጽሑፍ ሳይሆን የእህቷን የጆን ጽሑፍ ያቃጠለች፣ አውሮፓ የመሄድ ዕድሉን የወሰደች፣ በመጨረሻም ሎሪን ያገባች እየተባለች። ይህ ፍርድ ልክ አይደለም። ጽሑፉን ስታቃጥል የ12 ዓመት ልጅ ናት፣ ጥፋትም ነው። ሲያድጉ ግን ኤሚ ስለ ገንዘብ እውነቱን የምትናገር ብቸኛዋ እህት ናት። ከአውሮፓ በምትልከው ደብዳቤ ፍሬድ የሚባል ሀብታም እንግሊዛዊ ቢጠይቃት እሺ እንደምትል ትገልጻለች፤ ከመሀላችን አንዷ ጥሩ ማግባት አለባት፣ ሜግ አላደረገችውም፣ ጆ አታደርገውም፣ ቤዝ ገና አትችልም፣ ስለዚህ እኔ አደርገዋለሁ ነው የምትለው። አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የአራት እህቶች ዕጣ ተቆጥሯል። ያንን ቀዝቃዛ ስሌት የሠራችው ልጅ ፍሬድ ሲጠይቃት እምቢ ማለቷ ነው ያሳደጋት። በነገራችን ላይ በ2019ኙ ፊልም ኤሚ ትዳር ለሴት የኢኮኖሚ ጉዳይ ነው የምትልበት ታዋቂ ንግግር መጽሐፉ ውስጥ የለም። ለፊልሙ የተጻፈ ነው። መንፈሱ ግን ከዚህ ደብዳቤ ብዙም አይርቅም።

እህትሽ የምትመካበትን ዓረፍተ ነገር እኔው ልስጣት። ምዕራፍ 9 ላይ የእህቶቹ እናት ማርሚ ለልጆቿ በጥሩ ሰው መወደድና መመረጥ ለሴት ከሚደርሱ ነገሮች ሁሉ ምርጡ ነው ትላለች። አለ፣ አልደብቀውም። ግን ሁለት እርምጃ ወረድ በዪ፤ በዚያው ንግግር ያቺው እናት ደስተኛ ካልሆነ ትዳር ደስተኛ ቆሞ ቀርነት ይሻላል፣ ባል ፍለጋ መራወጥም አያስፈልግም ትላቸዋለች። አንዱን ቆርጦ ሌላውን መተው አይቻልም። መጽሐፉ ሁለቱንም ይዞ ነው የሚሄደው፣ አንዳንዴም እርስ በርሱ ይጋጫል። ከዚህ በፊት ባለው ምዕራፍ ላይ ደግሞ ይህቺ ሁሉም ቅድስት የሚላት እናት በሕይወቴ በየቀኑ ማለት ይቻላል እናደዳለሁ፣ አለማሳየትን ግን ተምሬያለሁ ብላ ለጆ ትናገራለች። በየቀኑ! ይህን ያለችው የ1868 እናት ናት። ለ13 ዓመት ልጅሽ ከዚህ መጽሐፍ አንድ ገጽ ብቻ ምረጪላት ብትዪኝ ያቺን ገጽ እመርጣለሁ።

ጥንቃቄ የሚፈልጉ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ ጆ ሉዊዛ አይደለችም። ቤቱ ከእሷ ቤት፣ እህቶቹ ከራሷ እህቶች ከአና፣ ከኤልሳቤጥና ከሜይ ተወስደዋል፤ ሕይወታቸው ግን ሌላ መንገድ ሄዷል። ሉዊዛ አላገባችም። ኤልሳቤጥ የሞተችው በ1858፣ በ22 ዓመቷ ነው። እናቷ ከምትረዳው ደሃ ቤተሰብ ስካርሌት ፊቨር ያዛት። በጉሮሮ ሕመም የሚጀምር፣ ቆዳ የሚያቀላ ትኩሳት ነው፣ ዛሬ በፔኒሲሊን የሚድን። ከሱ በኋላ ሰውነቷ እየመነመነ ሁለት ዓመት ገደማ ተሠቃየች። የልብ ወለዷ ቤዝ ሞት ከእውነተኛው ይልቅ የተረጋጋና የለሰለሰ ነው። የኤሚ ምንጭ የሆነችው ሜይ ደግሞ መጽሐፉ ውስጥ እንዳለችው ሥዕሏን አልተወችም። በሉዊዛ ገንዘብ አውሮፓ ተማረች፣ በ1877 ፓሪስ ሳሎን በሚባለው የሥዕል ኤግዚቢሽን ላይ ሥዕሏ ቀረበ፣ አንድ ስዊዘርላንዳዊ አገባች፣ በ1879 መጨረሻ ልጅ ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ልጅቷን ያሳደገቻት ሉዊዛ ናት። ልብ ወለዱን የቤተሰቡ ታሪክ አድርገሽ ብታነቢው እነዚህን ሴቶች ታሳንሻቸዋለሽ።

ሁለተኛው፣ የማርች ቤት ድህነት ከልክ በላይ አይግነን። ሃና የምትባል ሠራተኛ አለቻቸው። የተራበውን የሃመል ቤት ስታዪ ነው እውነተኛው ድህነት የት እንዳለ የሚገባሽ፤ የገና ቁርሳቸውን ይዘው የሄዱበት ቤት ነው፣ ቤዝም በሽታውን የወሰደችው ከዚያ ነው። ጦርነቱም ሩቅ ነው የሚሰማው። የአልኮት ቤተሰብ ባርነትን አጥብቆ የሚቃወም ነበር፣ ያመለጡ ሰዎችንም ቤቱ አስጠልሏል፤ መጽሐፉ ውስጥ ግን ጥቁር አሜሪካውያን የሉም ማለት ይቻላል። ስለ «የዘመኑ ሴቶች» ሲባል የአንድ ወገን ሴቶች መሆናቸውን ለልጅሽ ንገሪያት።

ሦስተኛው፣ ጆ አግብታ መጻፍ አቆመች የሚባለውም ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። በመጨረሻው ምዕራፍ አንድ ቀን ጥሩ መጽሐፍ የመጻፍ ተስፋዋን እንዳልጣለች ትናገራለች። አልኮት ቃሏን ጠብቃላታለች። «ሊትል ሜን» በ1871፣ «ጆስ ቦይስ» በ1886 ተከተሉ፤ በሁለተኛው ጆ ታዋቂ ደራሲ ሆናለች። ናን የምትባለው ተማሪዋ ደግሞ ዶክተር ሆና ሳታገባ ቀርታለች። በ1869 ያልተፈቀደላትን ከዓመታት በኋላ በሌላ ልጅ አደረገችው፣ በዚያን ጊዜ ማንም ሊጫናት አይችልም ነበር። ምክንያቱም ናይልስ ገና ሲጀምሩ ቁርጥ ገንዘብ ከመቀበል የመጽሐፉን መብት ለራሷ እንድታስቀር መክሯት ነበር። ሰማችው። ዕዳው ሁሉ የተከፈለው፣ ሜይ የተማረችው፣ ለአና ቤት የተገዛው በዚያ ነው። በ1879 ማሳቹሴትስ ሴቶች ለትምህርት ቤት ኮሚቴ ድምፅ እንዲሰጡ ሲፈቅድ በምትኖርበት ከተማ በኮንኮርድ ቀድማ የተመዘገበችው እሷ ናት። በማርች 1880 ሃያ ሴቶች ሆነው ድምፅ ሰጡ። በመላው አገሪቱ የሴቶች የመምረጥ መብት በሕገ መንግሥቱ የገባው በ1920 ነው፤ እሷ በ1888 ሞታለች።

ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው። ስጫት። ግን ሙሉውን ስጫት። ግማሹን ብቻ የምታነብ ልጅ ጆን ሳታድግ ትተዋታለች። ስትገዢም ሆነ ስታወርጂ ምዕራፎቹን ቁጠሪ፤ 47 ካልሆኑ ወይ ግማሽ ነው ወይ ለልጆች ተብሎ የተቆራረጠ ነው። የተቆራረጠው ይቅር፣ የሚቀንሱት ቁጣውንና ሒሳቡን ነው። የደራሲዋ መብት ካለቀ ቆይቷል፣ ሙሉው በነፃ ይገኛል፣ ገንዘብ ማውጣት አይጠበቅብሽም። አማራጭ ካለሽ የ1868ና የ1869 ጽሑፍ ያለበትን እትም ያዢ። በ1880 አካባቢ አሳታሚው ቋንቋውን አጥቦታል፤ የጆ የሰፈር አነጋገር ተለሳልሷል፣ ሰዎቹም አምረዋል። የምትለዪው ቀላል ነው። ምዕራፍ 1 ላይ ማርሚ ስትገባ ደንዳና ሴት ናት ወይስ ረጅም? ደንዳና ከሆነች የመጀመሪያው ነው፣ ረጅም ከሆነች የታረመው።

ምዕራፍ 23 ላይ አስቁሚያት። የ1868 አንባቢዎች ወራት ጠብቀዋል፣ እሷም ሁለት ሳምንት ትጠብቅ። በዚያ ጊዜ ጆ ምን ብትሆን እንደምትፈልግ ትጻፍልሽ፤ ከዚያ ሁለተኛውን ክፍል ስትጨርስ የራሷን ከአልኮት ጋር ታስተያየው። ቤታችሁ ውስጥ በቅርብ ሐዘን ካለ ምዕራፍ 36ንና 40ን አብረሻት አንብቢ፣ ብቻዋን አትተያት። ፊልሙ በኋላ ይሁን። የ2019ኙ ታሪኩን ከመሀል ጀምሮ እያፈራረቀ ስለሚሄድ፣ መጨረሻውንም ሆን ብሎ ከአልኮት ሕይወት ጋር ስለሚቀላቅለው፣ መጽሐፉን ላላነበበ ሰው ያደናግራል። ላነበበ ግን ጆ ከአሳታሚው ጋር በፐርሰንትና በመብት ስትከራከር የምታይበት ትዕይንት ብቻውን ይበቃል። አንቺም ከዚህ በፊት ምዕራፍ 24ን ክፈቺ፣ ከልጅሽ ቀድመሽ ጨርሺው።